ማንም ያልሞተበት ጥሩንባ

በዶርማችን የምንኖረው ስድስት ነን። ከስድስታችን ጥሩንባ ሲሰማ ከላይኛው አልጋ ዘሎ የሚወርደው እኔ ብቻ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ሁለተኛ ዓመቶችና ሦስተኛ ዓመቶች የኳስ ግጥሚያ ነበራቸው። ደጋፊዎቹ ገና በጠዋቱ ጥሩንባ እየነፉ በመስኮታችን ሥር ሲያልፉ፣ እኔ በባዶ እግሬ ወለሉ ላይ ቆሜ «ማንም አልሞተም፣ ማንም አልሞተም» ስል ተገኘሁ። ከታች የሚተኛው ልጅ አንድ ዓይኑን ገልጦ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለና ተመልሶ ተኛ። ሌሎቹ ግን ጉዳዩን ካልነገርከን ቁርስ አትበላም አሉኝ። ነገርኳቸው። ስቀው ሲያበቁ ጻፈው ስላሉኝ ይኸው እጽፋለሁ፤ ሰው የጠየቀኝን እምቢ ማለት አልችልም። ደግሞም የታሪኩ መነሻ ይኸው ጠባዬ ነው።

መጀመሪያ የት እንዳለሁ ልንገራችሁ። ውጤቴ ታይቶ የተመደብኩበት ዩኒቨርሲቲ ቆላ ነው። በግቢው ውስጥ ጥላ የሚባል ጥላ ያለው ዛፍ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ከሥሩ ለመቀመጥ የሚፈልግ ከቁርስ በፊት ደብተሩን አስቀምጦ ቦታ ይይዛል። እኔ ደግሞ የየካ ልጅ ነኝ። ከጓሯችን ተነስቶ እስከ እንጦጦ ማርያም ድረስ ባሕር ዛፍ ነው። ክረምት ላይ ጉሙ ቁልቁል ወርዶ አጥራችን ላይ ይቆማል፤ እናቴ ያጠበችው ልብስ ሳምንት ሙሉ ሳይደርቅ ይሰነብታል፤ እኔም ብርዱን ስረግም አድጌያለሁ። አሁን ይህን ሳወራ የዶርም ጓደኞቼ እንደ ባለጸጋ ልጅ ያዩኛል። «ጉሙ በነጻ ነው?» ብሎ የጠየቀኝም አለ።

ነገሩ የሆነው የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ጨርሰን ውጤት በምንጠብቅበት ክረምት ነው። እንደምታውቁት በክረምት የሰፈር ወጣት ሁሉ በጎ ፈቃደኛ ነው፤ ፈቃዱን የጠየቀው ሰው ግን የለም። ረጃጅሞቹ አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሰው መንገድ ላይ መኪና ማስቆም ጀመሩ። ጎበዞቹ ሕፃናት አስጠኑ። እኔ እስክሪብቶዬን ይዤ ዘግይቼ ስደርስና የቀረው ምንድን ነው ብዬ ስጠይቅ፣ የቀረው የአየር ንብረት ነበር።

የአየር ንብረት ቡድን ማለት ፌቨንና እኔ ነን። ፌቨን ሰብሳቢ፣ እኔ ጸሐፊ። በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ውስጥ ስለሆነች ድምጿ ማይክሮፎን አይፈልግም፤ ሁለት ሰው ባለበት ስብሰባ እንኳ «ጋይስ፣ ይሄ ነገር ሲሪየስ ነው» ብላ ነበር የምትከፍተው። ደንንና የአየር ንብረትን የሚጠብቅ ረቂቅ ሕግ እየተዘጋጀ መሆኑን፣ ሕዝብ ካልደገፈው መሳቢያ ውስጥ እንደሚያረጅ የሰማሁት ከእሷ ነው። የአካባቢያችንን የምክር ቤት አባል ለማግኘት ቢሯቸው ደጅ ላይ ሦስት ቀን ተቀምጣለች። እሳቸውም፣ ምናልባት ከደጃቸው እንድትነሳላቸው ብለው፣ መቶ ሰው የፈረመበት የድጋፍ ወረቀት ካገኘሁ ምክር ቤት አቀርበዋለሁ፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ሦስት ሰዓት እድር ቤታችሁ መጥቼ እቀበላለሁ ብለዋታል። መቶ ስም፣ በሁለት ሳምንት። እሱ ካልሞላ ወረቀታችን ከየካ አይወጣም።

በነሐሴ የመጀመሪያ ቀናት ቤት ለቤት መዞር ጀመርን። ለውሻ ብለን አንዳንድ ዱላ ያዝን፤ ለዝናብ ብለን ላስቲክ ደረብን። አስቡት እንግዲህ፤ ቡሄ ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ዱላ የያዙ ሁለት ወጣቶች በር ያንኳኳሉ። የመጀመሪያዋ እመቤት በሩን ገርበብ አድርገው «ሆያ ሆዬ ለዚህ ዕድሜ ነው እንዴ? አያሳፍራችሁም?» አሉን። ሦስተኛዋ ሳይጠይቁ ሙልሙል አመጡልን። ፌቨን ስለ ሕጉ ማስረዳት ስትጀምር እኔ ሙልሙሉን ተቀብዬ «ከዓመት ዓመት ያድርስዎ» ብዬ መረቅሁ። ምን ላድርግ? እጃቸውን ዘርግተው ነበር። ፌቨን እስከ ቀጣዩ አጥር ድረስ አላናገረችኝም፤ እዚያ ስትደርስ ግን ግማሹን ጠየቀችኝ።

ስም የሚጽፍ ሰው በኛ ሰፈር በሁለት ዓይን ይታያል። አንዳንዱ ስኳርና ዘይት ሊታደል ነው ብሎ የልጅ ልጁን ስም ሳይቀር ያስመዘግባል። ሌላው አንድ ለአምስት ሊያደራጁን ነው ብሎ ቤት የለም ያስብላል፤ አንድ አባወራ እንዲያውም የለም ያሉን ራሳቸው ናቸው። ከዚህ ሁሉ በላይ ያስቸገርኩት ግን እኔ ነኝ። ከሰል የሚሸጡት ሰውዬ ሕጉ ከሰል ይከለክላል ወይ ሲሉኝ፣ ኧረ አይነካም አልኳቸው። ከእሳቸው ጎን በከሰል ጢስ ደረታቸው የታመመ እናት ይከለክላል ወይ ሲሉኝ፣ እንዴታ፣ ዋናው ዓላማው እሱ ነው አልኩ። በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው አጥር ቆርቆሮ መሆኑን፣ ቆርቆሮ ደግሞ ወሬ እንደማያቆም ያወቅሁት ሁለቱም ፊርማቸውን ሰርዝ ሲሉኝ ነው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ይባላል፤ እኔ ሦስተኛውን ዛፍ እየፈለግሁ ነበር።

በአሥረኛው ቀን ሃያ ሦስት ስም ነበረን። ከነዚህ ውስጥ አንዷ እናቴ ስትሆን፣ እሷም ከስሟ ጎን «ልጄ ስለሆነ ነው» የሚል አስጽፋለች።

እትዬ ዘነበችን ያገኘናቸው በዚያው ቀን፣ ከእንጦጦ ማርያም በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነው። ከርቀት ሲታዩ የሚሄድ የባሕር ዛፍ ቁጥቋጦ ይመስላሉ። ቀረብ ስትሉ ከቅጠሉና ከጭራሮው ሥር አንዲት ቀጭን ሴት አሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ ቅጠል ለቅመው፣ በጀርባቸው አውርደው፣ ሾላ ገበያ አካባቢ ለእንጀራ ጋጋሪዎች እየሸጡ ልጅ አሳድገዋል። ያቺ ልጅ አሁን ዓረብ አገር ናት። ስትደውል እንዳታመልጣቸው ስልካቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ሸክሙን በሚያስሩበት ገመድ ላይ ቋጥረዋታል። ፌቨን ሸክሙን አውርደው እንዲያርፉ ለመነቻቸው።

«ካወረድኩት የሚያሸክመኝ የለም» አሉ ሳይቆሙ። «እየሄድን ንገሩኝ። ስልክም እየጠበቅሁ ነው፤ ልጄ ከደወለች ሦስት ሳምንት ሆናት።»

እየሮጥን ነገርናቸው። ባዶ እጃችንን ሆነን እኛ አለከለክን፤ እሳቸው ተሸክመው አላለከለኩም። ስንጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

«ይኼ ሕግ ቅጠሌን ይከለክለኛል?»

እኔ «በፍጹም አይከለክልዎትም» አልኩ። በዚያው ቅጽበት ፌቨን «እሱ ገና ይታያል» አለች። እትዬ ዘነበች አንገታቸውን ማዞር ስለማይችሉ ሁለታችንንም ሳያዩን «ተማክራችሁ ኑ» ብለውን በኩርባው ተሰወሩ። ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ የነሳኝ የጎደለው ስም አልነበረም፤ አንገታቸውን ማዞር ሳይችሉ መዋሸቴን ማወቃቸው ነበር።

ቅዳሜ አራት ቀን ሲቀረው ወደ እድራችን ዳኛ ወደ ጋሽ ተሾመ ሄድኩ። ጋሽ ተሾመ ጡረተኛ ናቸው፤ ድንኳንና ወንበር እንደ ጦር መሣሪያ የሚቆጥሩ ጥብቅ ሰው። አዳራሹን ፈቀዱልኝ። ልሄድ ስል ሰው እንዴት እንደምንጠራ ጠየቁኝ። በወረቀት ለጥፈን ነዋ አልኩ። ወረቀቱን ዝናብ ያነበዋል አሉና፣ እንግዲያው ባሻ ወርቁ ይጥሩላችሁ አሉኝ።

ባሻ ወርቁ የእድሩ ጥሩንባ ነፊ ናቸው። ሰው ሲሞት በማለዳ ወጥተው ሦስት ጊዜ ረጅም ይነፋሉ፤ ከዚያ የሟቹን ስም ይናገራሉ። እኔ መልእክቱን አንድ ገጽ ሙሉ በጥንቃቄ ጻፍኩላቸው፤ «የአየር ንብረት ለውጥን አስመልክቶ በሚካሄደው የድጋፍ ፊርማ መርሐ ግብር» ምናምን የሚል። ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። መነጽር እንደሌላቸው ነግረውኛል፤ በቃል እንዲያጠኑት አንድ ጊዜ አነበብኩላቸው፤ ገባኝ አሉ፤ አመንኩ።

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን እንደ ከበሮ ይደልቅ ነበር። በመሃል ያ ረጅም ጥሩንባ ተሰማ። ከዚያ የባሻ ድምፅ፦ «እድርተኛ ሆይ... ሦስት ሰዓት... እድር ቤት...» የቀረውን ዝናቡ በላው። የመጨረሻዋ ቃል ብቻ ጥርት ብላ ወጣች፤ እኔ ያልጻፍኳት፣ እሳቸው ግን በዕድሜያቸው ሙሉ ሳይሏት ቀርተው የማያውቁት ቃል፦ «የቀረ ይቀጣል።»

ቀድሜ እድር ቤት ስደርስ ማመን አቃተኝ። ነጠላቸውን ለሐዘን ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ኮፍያቸውን ያወለቁ ወንዶች፣ ጥቁር የለበሱ ሽማግሌዎች በሰልፍ ይገባሉ። በኛ እድር ለቀብር የመጣ ሰው በር ላይ ይፈርማል፤ ያልፈረመ እንደቀረ ይቆጠራል። በር ላይ ደግሞ ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ ማታውን ያስቀመጥኩት የኛ ወረቀት፤ ወረቀቱ ላይ እስክሪብቶ። ማንም ራስጌውን አላነበበም። እየፈረሙ ይገባሉ።

ለምን አንዳቸው እንኳ ማን ነው የሞተው ብለው አልጠየቁም ትሉኛላችሁ። የኛን ሰፈር ሰው ስለማታውቁ ነው። የሟቹ እናት መርዶ ሳይነገራት አጠገብህ ተቀምጣ ቢሆንስ? አፍህን ከፍተህ ስም ብትጠራ ያረዳሃት አንተ ነህ። ስለዚህ ሁሉም ሰው ዝም ብሎ አጠገቡ ያለውን ሰው በሐዘኔታ ያየዋል። ያ ደግሞ ይህ ሰው ለምን እንዲህ ያየኛል ብሎ ይደነግጣል። ሰማንያ፣ ዘጠና፣ መቶ፣ መቶ አሥራ ስምንት። ፌቨን ከመዘምራን ልምምድ እየሮጠች መጥታ ወረቀቱን ስታይ ጆሮዬ ላይ «ኦ ማይ ጋድ፣ አደረግነው» አለችኝ። ከዚያ ሰዉን አየችና «ግን ለምንድን ነው የሚያለቅሱት?» አለች። ስለ አየር ንብረቱ ይሆናል አልኳት። ይህን በማለቴ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

የምክር ቤት አባሉ በሰዓታቸው መጡ። የተሰበሰበውን ሐዘንተኛ ሲያዩ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ አንገታቸውን ደፍተው እንደ ሰዉ ፈረሙና ከፊት ካለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። እኔ ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ዘጋሁት። መቶ ስም ሞልቷል። አንድ ሰው ዝም ቢል ወረቀቱ ይሄዳል። ዝም ማለት ደግሞ እችልበታለሁ።

በዚህ መሃል እትዬ ዘነበች እንደ ሰዉ በር ላይ ፈርመው ገቡ። ጥሩንባውን ከተራራው ላይ ሰምተው፣ ሸክማቸውን ከመንገድ ዳር ጥለው፣ ገመዱን በወገባቸው እንደጠመጠሙ መጥተዋል። ከእግራቸው እስከ ራሳቸው ውሃ ያንጠባጥባሉ። እንግዲህ ያን ያህል ርጥብ ሆኖ፣ ያን ያህል ደንግጦ የመጣ ሰው የለምና፣ አዳራሹ በሙሉ የሐዘኑ ባለቤት ተገኘች ብሎ ተነሳላቸው። ጋሽ ተሾመ በእጃቸው ይዘው ወስደው ከፊት አስቀመጧቸው። አንዲት ሴት ነጠላዋን አውልቃ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገችላቸው። እሳቸው ካንዱ ወደ አንዱ ያያሉ። ፊታቸው ቀስ እያለ ተለወጠ። እጃቸው ገመዱ ላይ ወደ ቋጠሯት ስልክ ሄደ።

«ሃያ ዓመት በዚህ ሰፈር ተሸክሜ ሳልፍ ወንበር የለቀቀልኝ ሰው የለም» አሉ፤ ድምፃቸው ቀጭን ነበር። «ዛሬ ተነሳችሁልኝ። ልጄ ናት አይደል? ንገሩኝ።»

ከጠረጴዛው ወደ እሳቸው ሄድኩ።

«ማንም አልሞተም» አልኩ። አልሰሙኝም መሰለኝ፤ ደግሜ አልኩት። ከዚያ እንባዬም ቃሌም አብሮ መጣ። «እትዬ፣ ልጅዎ ደህና ናት። ማንም አልሞተም። ጥሩንባውን ያስነፋሁት እኔ ነኝ፤ ስለ ሕጉ ነው። የፈረማችሁት የሐዘን አይደለም። ስማችሁን ሳትጠየቁ ነው የወሰድኩት።»

እትዬ ዘነበች ዓይናቸውን ጨፍነው እንጦጦ ማርያምን ጠሩ። ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። ሲገልጡ የወገባቸውን ገመድ ፈቱ፤ ሊገርፉኝ መስሎኝ ወደ ግድግዳው ሸሸሁ፤ ለካ ስልኳን ሊያዩ ነው። ሰዉ ግን ያኔ ተነሳ። ጥቁሯን ሻርፕ ፍለጋ ሳጥን የገለበጠች፣ ከሥራ የቀረ፣ ጫማ የተዋሰ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስድብ ያወርድብኛል። የቀረ ይቀጣል ያለው ማን ነው ሲሉ ጋሽ ተሾመ ጠየቁ፤ ባሻ ወርቁ ጥሩንባቸውን ከጀርባቸው ደብቀው ጣሪያውን ያያሉ። ስማችንን ሰርዝ ተባለ። እኔም ጠረጴዛው ላይ ተቀምጬ ለመፈረም የተሰለፈውን ሕዝብ ለመሰረዝ አሰለፍኩት።

አንድ ነገር ግን አዳነን፤ ዝናቡ። ማንም መውጣት አልቻለም። የተሰረዘውም ያልተሰረዘውም እዚያው ቆሞ ቀረ። የቆመ ሰው ደግሞ ያወራል። አንዱ ይኼ ዝናብ የድሮው ዝናብ አይደለም፣ ሲመጣ ያጥለቀልቃል፣ ሲቀር ይጠፋል አለ። ሌላዋ በልጅነቷ ከተራራው ሥር ትቀዳበት የነበረው ምንጭ የት እንደደረሰ ጠየቀች። ፌቨን ይህን ስትሰማ ወንበር ላይ ወጣች፤ በዚያ ድምፅ ዝናቡም ዝም ያለላት መሰለኝ። ረቂቁ ምን እንደሚል የምታውቀውን ያህል ተናገረች።

እትዬ ዘነበች የተሰጣቸውን ወንበር ሳይለቁ ወደ እኔ ዞሩ። ሸክም ስለሌለባቸው ዛሬ አንገታቸው ይዞራል።

«አንተ ልጅ፤ ያን ቀን የጠየቅሁህን መልስልኝ። ቅጠሌን ይከለክለኛል?»

የምክር ቤት አባሉን አየሁ፤ እሳቸው ሰዓታቸውን ያያሉ። ፌቨንን አየሁ። እትዬ ዘነበችን ደስ የሚያሰኝ መልስ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።

«አላውቅም» አልኩ።

በሕይወቴ ለትልቅ ሰው አላውቅም ያልኩበት የመጀመሪያ ቀን ነው። ፈተና ላይ እንኳ ባዶ ትቼ አላውቅም።

«እንደሱ በለኝ» አሉ። «እንግዲያው ስሜን እንዳትሰርዝ።»

ጋሽ ተሾመ፣ እርስዎን የሚጎዳ ሊሆን እኮ ይችላል ብለው ሊመክሯቸው ሞከሩ።

«ለሱ ነዋ» አሉ። «እዚያ ቤት ተቀምጠው ስለ ቅጠል ሲያወሩ ዘነበች የምትባል ሰው እንዳለች ይወቁ። ስሜ ከሌለ ማን ይጠይቀኛል?»

ከዚያ በኋላ ሰልፉ ሳሳ። ከሰል ሻጩ ሰውዬ ጭራሽ ተመልሰው ፈረሙ፤ ደረታቸውን የሚያማቸው እናትም ፈረሙ፤ ሁለቱም የተቃረነ አሳባቸውን ከስማቸው ጎን አስጻፉ። ዝናቡ ሲያባራ ስንቆጥር ሰባ አንድ ስም ቀረ። ፌቨን አንገቷን ደፋች። የምክር ቤት አባሉ መቶ ነበር የተባባልነው ብለው ኮፍያቸውን አነሱ። ወረቀቱን በጥንቃቄ ስመለከት፣ ጸሐፊ ነኝና፣ ሳይሰረዙ ከቀሩት ስልሳ አራተኛው ላይ የማውቀው ስም አየሁ። በትህትና፣ እርስዎንም ልሰርዝዎት ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። የመረጣቸው ሕዝብ በሙሉ አያቸው። ትንሽ አሰቡና ኮፍያቸውን መልሰው አስቀመጡ። ወረቀቱን ይዘው ሄዱ።

እኔን እድሩ ቀጣኝ፤ ዩኒቨርሲቲ እስክጠራ ድረስ በየቀብሩ የድንኳን ቋሚ እንድሸከም። ተሸከምኩ። ዛሬ በኛ ሰፈር ጥሩንባ ሲነፋ ሰው በመስኮት ብቅ ብሎ «ሞት ነው ወይስ ሕግ?» እያለ እንደሚጠይቅ እናቴ ነግራኛለች። ፌቨን ሌላ ዩኒቨርሲቲ ተመድባ፣ ሰምቻለሁ፣ እዚያም ቡድን አቋቁማለች። የእትዬ ዘነበች ልጅ በዚያው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደውላ ነበር፤ ስልኳ ተሰብሮባት ነው።

እትዬ ዘነበች ግን በየወሩ ሾላ ሸክማቸውን አራግፈው ሲመለሱ ወረዳው ቢሮ ይገባሉ። ስሜ እዚያ አለ፣ ያ ሕግ ምን ደረሰ ይላሉ። ጸሐፊዋ ከሩቅ ስታያቸው ሻይ ልትጠጣ ትወጣለች። ከዚያ እኛ ቤት መጥተው እናቴን ያስደውሏታል። እኔም በየሳምንቱ ላይብረሪ ሄጄ የወጡ አዋጆችን ስለምጠይቅ፣ የኛም ላይብረሪያን ሻይ መጠጣት ጀምረዋል።

ባለፈው ዓርብ እናቴ ስትደውል እኔ ከዛፏ ጥላ ሥር የያዝኩትን ቦታ ትቼ ወደ ፀሐዩ ወጣሁ፤ ኔትወርኩ ያለው እዚያ ነው። ከስልኩ ውስጥ ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ ይሰማኛል። እዚህ ላብ በጆሮዬ ላይ ይወርዳል።

«ቆመው እየጠበቁ ነው፤ ምን ልበላቸው?» አለችኝ።

«አላውቅም በያቸው።»

ስትነግራቸው ሰማሁ። ከዚያ ድምፃቸው ከሩቅ መጣ።

«እሰይ፤ እሱ ካላወቀ ገና አልወሰኑም ማለት ነው» አሉ። «በይ ሰላም በይልኝ። ዳገቱን ልጀምር።»